ላላየ ሰው መግለጽ፦ ገላጭ ጽሑፍንና ንግግርን በመካከለኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ክፍል ማስተማር



ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት የትምህርት ዓመታት ነው፤ ስለ 7ኛና ስለ 8ኛ ክፍል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። አሁን በምንሠራበት የ6፣ የ2 እና የ4 ዓመት አደረጃጀት መካከለኛ ደረጃ የሚባሉት እነዚያ ሁለት ዓመታት ናቸው። በባምባሲ ወይም በሆሞሻ የሚማር ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ያየውን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ሳይችል ከደረሰ፣ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የቅጠልን ቅርጽ መግለጽ የማይችል ተማሪ የሥነ ሕይወት ትምህርቱንም በቃል ከመሸምደድ ሌላ መንገድ የለውም።

ዕጩ መምህራንን ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ስንልክ በየክፍሉ እየተቀመጥሁ እከታተላለሁ። ገላጭ ጽሑፍ የሚሰጥበት ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። መምህሩ ሃያ ያህል ቅጽሎችን በሰሌዳው ላይ ይደረድራል፤ ከዚያም «ትምህርት ቤታችሁን ግለጹ» ይላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ቲቸር፣ ጨረስኩ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ደብተሮቹን ስትሰበስቡ ትምህርት ቤቱ በሁሉም «ቬሪ ቢዩቲፉል» ነው። የቃላት እጥረት መኖሩ አይካድም፤ ዋናው ችግር ግን እሱ አይመስለኝም። ልጁ የሚገልጸው ለማን ነው? መምህሩ በዚያው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ጓደኛውም እዚያው ይማራል። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለሁሉም መንገር ልብ የሚያነሣሣ ሥራ አይደለም።

ገለጻ ያላየ ሰው ይፈልጋል። በዚህ ረገድ አሶሳ ያለችበት ሁኔታ ለመምህር የታደለ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የበርታ ልጅ፣ በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ገበሬዎች የልጅ ልጅ፣ የኦሮሞ ልጅ፣ አንዳንዴም የጉሙዝና የማኦ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። አንዱ የለመደውን ሌላው በቅርብ አያውቀውም። ዋዛን እንውሰድ። ሁላችንም በበዓል ቀን ሰምተነዋል። ነገር ግን ይህ ረጅም መለከት የቅል ቁራጮች እየተገጣጠሙ እንደሚሠራ፣ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ እንደሚያወጣ፣ ዜማው የሚሞላውም ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ እንደሆነ በቅርብ ያየው ልጅ ነው የሚነግረን። ይህ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍል ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚፈልገውን ዕውቀት ይዞ ይቆማል።

እኔ የምመክረው መልመጃ «ስማና ሣል» ነው። ሁለት ልጆች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። አንዱ አንድን ዕቃ፣ ለምሳሌ የቀርከሃ ቅርጫት፣ ስሙን ሳይጠራ በእንግሊዝኛ ይገልጻል፤ ሌላው የሰማውን ይሥላል። ሥዕሉ ቅርጫት ካልመሰለ ገለጻው ጎድሎአል ማለት ነው። የጎደለውንም መምህሩ ሳይሆን ሠዓሊው በጥያቄ ያወጣዋል፦ አፉ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? እጀታ አለው? መልመጃው ለጽሑፉ መንደርደሪያ ነው። ልጁ በቃል የተጠየቀውን ሲጽፍ አንባቢ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያውቃልና።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ልጆቻችን የመግለጽ ችሎታ የላቸውም የሚለው አስተያየት አያሳምነኝም። አማርኛ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚሄዱ ቃላት ሀብታም ነው። ብርሃን ቦግ ይላል፣ ብልጭ ይላል፣ ጭል ጭል ይላል። ልጁ ሦስቱን አያምታታም። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ ግሥ አለው፦ ብሌዝ፣ ፍላሽ፣ ፍሊከር። ደረቅ ቅጠል ኮሽ ሲል ደግሞ ረስል ይባላል። ልጁ በሚያውቀው ልዩነት ላይ አዲሱን ቃል ብንለጥፍለት ከቅጽል ዝርዝር ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ገለጻ በግሥ ይቆማልና። የዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ግን ያደናቅፈዋል። «አባቴ ከገበያ ያመጣው ቢጫ ማንጎ» ስንል ገላጩ ሁሉ ከስሙ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ «ቢጫ» ከማንጎ በፊት ይቀራል፤ «አባቴ ከገበያ ያመጣው» ግን ወደ ኋላ ይሻገራል። ይህ በቃል፣ ደጋግሞ፣ መለማመድን የሚጠይቅ ነው። የበርታ ቋንቋ ደግሞ ከአማርኛ ጋር በቤተሰብ አይገናኝም፤ ናይሎ ሰሃራዊ ነው። ስለዚህ መምህሩ ሁሉም ልጅ በአማርኛ እንደሚያስብ ቈጥሮ ከመነሣት ይልቅ «በናንተ ቤት ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

ወደ ንግግር ልሻገር። በአደባባይ መናገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቀድሞው ችሎት «በላ ልበልሃ» እያሉ የሚሟገቱ ሰዎች ያለ ማስታወሻ ሸንጎ ያስደምሙ ነበር። ትምህርት ቤት ግን ዝምታን አስለምዷል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ ትምህርትም ተማሪውን ከማያዳምጠው መስኮት ፊት ነበር ያስቀመጠው።

መምህራን የሚያነሡት የጊዜ ጉዳይ እውነት ነው። 60 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ለሦስት ደቂቃ ቢናገሩ 180 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህም ከአራት ክፍለ ጊዜ በላይ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ በጥንድ ቢናገሩ ግን ስድስት ደቂቃ ይበቃል። ጫጫታ ይኖራል፤ ይኑር። ከጥንድ ወደ ስድስት ልጆች ቡድን፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ፊት ይሸጋገራሉ። አንድ ልጅ ክፍሉ ፊት ሲቆም ገለጻውን ሦስተኛ ጊዜ መናገሩ ስለሚሆን ጉልበቱ አይርድም።

መጻሕፍቱ «የአድማጭን ዓይን እያየህ ተናገር» ይላሉ። ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው ተብላ ያደገችን የ12 ዓመት ልጅ ግን በዚህ ነጥብ መቀነስ ተገቢ አይደለም። እኩዮቿን ትይ፤ መምህሩም ከኋላ ወንበር ይቀመጥ። እየተናገረች ሳለ ስሕተቷን አያርም፤ ይመዘግባል፣ በማግስቱም የማንም ስም ሳይጠራ ሁለቱን ብቻ ሰሌዳ ላይ ያወጣል። ሁለት ያልሁት በምክንያት ነው፤ አሥር ስሕተት የተነገረው ልጅ ዳግመኛ እጁን አያወጣም።

የሚቀረው ምዘና ነው። «በ8ኛ ክፍል ፈተና አይመጣም» የሚለውን ሰበብ ከብዙ መምህራን እሰማለሁ። በምርጫ ጥያቄ ንግግርን መመዘን እንደማይቻል እስማማለሁ፤ ለዚህ የተከታታይ ምዘናው ነጥብ በእጃችን ነው። ከአሥር ነጥብ አምስቱን ለአድማጩ ሥዕል እንስጥ የሚል ሐሳብ አለኝ። ሥዕሉ የማን ነጥብ ይሁን፣ የተናጋሪው ወይስ የሠዓሊው? በልምምድ ላይ ያላችሁ ዕጩ መምህራን በዚህ እንደማትስማሙ አውቃለሁና መድረኩን ለናንተ እለቃለሁ።