የማራገቢያ ብልሽትና አመረማመሩ

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ኮድቡር ከከተማዪቱ ክፍሎች አንዱ ነው። በዚያ አካባቢ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ቀኑ ይሞቃል፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በአንዱ ወራት ነፋስ፣ በሌላው ሙቀት የሚሰጥ ማራገቢያ ለቤተሰብ ይጠቅማል። ሐርጌሳ በ1980 ዓ.ም. በጦርነት ከፈራረሰች በኋላ የኤሌክትሪክ አገልግሎቷ በአብዛኛው በግል ነጋዴዎች የናፍጣ ጄኔሬተሮች እንደ ገና ተቋቋመ፤ በቅርብ ዓመታት የፀሐይ ኃይልም ተጨምሮበታል።

ማራገቢያው ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነዚህም ክንፎቹን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ አየሩን የሚያሞቀው የተጠማዘዘ ሽቦና ሁለቱን የሚያዝዘው ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መከላከያም አለው። ሞተሩ 50 ዋት ሲበቃው ማሞቂያው 2,000 ዋት ሊፈጅ ይችላል። በ220 ቮልት ሲሰላ የፊተኛው ሩብ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ የኋለኛው ግን 9 አምፔር ያህል ይስባል። በነፋስ ሲሠራ ደኅና የነበረ ሶኬት ማሞቂያው ሲበራ የሚግለው ስለዚህ ነው።

ማራገቢያው ጨርሶ አልሠራ ሲል ምርመራው የሚጀመረው ከግድግዳው ነው። በዚያው ሶኬት ሌላ መብራት ይሰካል። መብራቱ ካልበራ ጉድለቱ በሶኬቱ፣ በፊውዙ ወይም በመሥመሩ ነው። ከበራ ግን የማራገቢያው ገመድ ይታያል፤ ገመድ አዘውትሮ የሚበጠሰው በሚታጠፍበት ቦታ፣ ማለትም በመሰኪያው አንገት ላይና ወደ ማራገቢያው በሚገባበት በኩል ነው። ክዳኑን ከመክፈት በፊት መሰኪያው መነቀል አለበት። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቢጠፋም እንኳ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቀር ይችላል።

ሞተሩ እያጉረመረመ ክንፎቹ ካልዞሩ፣ መሰኪያው ተነቅሎ በእጅ ይሞከራሉ። እንደ ልብ ካልዞሩ ኩሽኔታው በአቧራ ተይዟል ወይም ቅባቱ ደርቋል። በቀላሉ ከዞሩ ግን ጉድለቱ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ፣ ካፓሲተር ካለውም በካፓሲተሩ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ይተዋል። ነፋስ እያለ ሙቀት ከሌለ የማሞቂያው ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይም መከላከያው አቋርጦታል። ሙቀት እያለ ነፋስ ከሌለ ማራገቢያው ወዲያውኑ መጥፋት አለበት፤ ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ስለማያገኝ ሽቦው ከልክ በላይ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ሊቀልጥ ይችላል።

የሙቀቱ መቀነስ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም። የመሥመሩ ኃይል ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የ2,000 ዋቱ ማሞቂያ የሚሰጠው 1,340 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዋቱ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ነው። በዚያን ጊዜ የቤቱ አምፖሎችም ይደበዝዛሉ።

ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል አንዳንድ ሰዎች በወፍራም ሽቦ ይተኩታል። ማራገቢያው ለጊዜው ይሠራል፤ አደጋው ግን አልተወገደም። የፊውዝ ሽቦ ቀጭን ሆኖ የተሠራው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እንዲቀልጥ ነው። እርሱ ካልቀለጠ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ገመድ ይግላል፤ እሳቱም የቤቱ ሰዎች ተኝተው ሳሉ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ፊውዝ ሲቃጠል ምክንያቱ ተፈልጎ ይወገዳል፤ ከዚያም በልኩ ይተካል።