የተቀጠለው ፊልምና ያልተቀረጸው ረሃብ

ፊልም ለሰፊው ሕዝብ ታሪክን የሚያስተምር ብርቱ መሣሪያ መሆኑ አያከራክርም። ፊደል ያልቆጠረው ወገናችን እንኳ በዓይኑ ያየውን አይረሳም። ይሁንና መሣሪያው በማን እጅ እንዳለና ወደ ማን እንደተነጣጠረ መጠየቅ የነቃ ተመልካች ተግባር ነው። ይህን ለማለት ያነሣሣን የራሳችን ታሪክ ነው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን እልቂት ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ደነገጠ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ሆኖም እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኛው ሥዕል መካከል ለሌላ ጉዳይ የተነሡ የቤተ መንግሥት ግብዣዎችና ሥጋ የሚጎረሱ ውሾች ተቀጥለውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

እያንዳንዱ ሥዕል እውነት ነበር። የወሎ ሙታን እውነት ናቸው፤ ግብሩም እውነት ነው። መንግሥት ረሃቡን መደበቁም ያለ መቀስ የሚቆም ክስ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ቅጥሉ የጥፋቱን ሥር ከሥርዓቱ ነቅሎ በአንድ ሽማግሌ ማዕድ ላይ አኖረው። ከምርቱ ገሚሱን ለባለ መሬት የሚያስረክበው ጭሰኛ፣ ሕዝቡ እየተራበ ከወሎ ወደ ሌላ ገበያ የወጣው እህል፣ እነዚህ ሁሉ ከመስኮቱ ውጭ ቀሩ። ሰውዬው ሲሄድ ረሃቡም አብሮ የሚሄድ መሰለ።

አልሄደም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት ወሎና ትግራይ ዳግመኛ ይረግፉ ነበር። የቀድሞውን ግብር ከረሃብተኛው ጎን የቀጠለው መቀስ የራሱን ድግስ አልነካም። በጥቅምት ወር የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ያሳየው እንደገና የውጭ ካሜራ ሆነ።

የወላይታን ጉዳይ የምናነሣው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዘመን ከሶዶ እስከ ሃላሌ ድረስ ባለው አገርም ረሃብ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ መልክ ነበረው። የሕዝቡ ብዛት መሬቱን አጥብቦታል፤ ስኳር ድንቹና በቆሎው ሲከዳ ቤተሰቡ ባዶ ይቀራል። ምድሩ ግን አረንጓዴ ነው፤ ሕፃን ልጅ በእንሰት ቅጠል ጥላ ሥር ሊዝል ይችላል። አዋቂዎች «አረንጓዴ ረሃብ» የሚሉት ይህንን ነው። የተሰነጠቀ መሬት የሚፈልግ ካሜራ አጠገቡ አልፎ ይሄዳል፤ ሳይዋሽም ያሳስታል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ የተገደሉትን ሦስት የመብት ታጋዮች መነሻ ያደረገው የ1988ቱ የአሜሪካ ፊልም «ሚሲሲፒ በርኒንግ» ጀግኖቹን ሁለት ነጭ የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች አድርጎ ጥቁሩን ሕዝብ ከበስተ ኋላ አቆመው፤ ያ መሥሪያ ቤት ዶክተር ኪንግን ሲሰልል የነበረ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ በተቃራኒ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው «የአልጀርስ ጦርነት» የዜና ፊልም ቁራጭ ፈጽሞ አልቀጠለም፤ ከትግሉ መሪዎች አንዱ የነበረው ያሴፍ ሳዲ ራሱ ተጫውቶበታል። ድርሰት መሆኑን አልሸሸገም። እኛ ይህን ከዚያኛው እንመርጣለን፤ «ፊልም ነው እንጂ ታሪክ አይደለም» የሚለው ማመካኛም አይጥመንም።

በ1977 ዓ.ም. አሥር ዓመት የነበረው የወላይታ ልጅ ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው፤ እናቱም በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ስለዚያ ዘመን ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ የደረቀ መሬት ከመፈለጉ በፊት እነዚህን ሰዎች ይጠይቅ፦ ስኳር ድንቹ በየትኛው ወር አለቀ? በሬው በስንት ተሸጠ? እህሉን ማን ገዛው? ፊልሙ ባለቀ ጊዜም መጀመሪያ በቀበሌያቸው አዳራሽ ይታይ።