ግልገሏን አትንኳት፦ የሲያትልን ባሕር ዳር የሚጠብቁት እነማን ናቸው?

በየዓመቱ ከጁን ጀምሮ እስከ መኸሩ ድረስ በሲያትል ባሕር ዳርቻዎች አንድ ስህተት ይደጋገማል። ለሽርሽር ወደ አልካይ ወይም ወደ ሊንከን ፓርክ የወጣ ቤተሰብ፣ ጠጠሩ ላይ ብቻዋን የተጋደመች፣ ዓይኖቿ ትልልቅና ጥቁር የሆኑ የ‹‹ሃርበር ሲል›› ግልገል ያገኛል። እናቷ በአካባቢው አትታይም። ልጆቹ ‹‹እናቷ ጠፍታባት ነው!›› ብለው ይንጫጫሉ። አንዱ ውኃ ያፈስባታል፣ ሌላው በፎጣ ሊጠቀልላት ይሞክራል፣ ደፈር ያለው ደግሞ ወደ ባሕሩ ይገፋታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አዝነውላት ነው፤ ዳሩ ግን ሊገድሏት ይችላሉ።

‹‹ሃርበር ሲል›› ዓሣ አይደለም። አየር ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። እናቲቱ ዓሣ ፍለጋ ስትሄድ ግልገሏን ይዛ መዋኘቱ ስለሚያደክማት ባሕር ዳር አስተኝታት ትሄዳለች፤ ለሰዓታት ላትመለስ ትችላለች። ስትመለስ ልጇ በሰው ተከብባ ካገኘቻት ከውኃው ውስጥ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ትመለከታለች እንጂ አትቀርብም። ሰዉ አልሄድ ካለ ጭራሹን ትታት ልትሄድ ትችላለች። ግልገሏ ስትወለድ ክብደቷ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ጡት የምትጠባው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ የእናቷ ወተት ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ በዚህች አጭር ጊዜ ክብደቷ በእጥፍ ይጨምራል። ያ ስብ ነው በኋላ ብቻዋን ዓሣ ማጥመድ እስክትለምድ ድረስ የሚያኖራት። በሰው ግርግር ምክንያት ሳትጠባ የቀረችበት እያንዳንዱ ጊዜ ከዚህ ስንቅ ላይ ይቀነሳል።

ጡት ከተወች በኋላም ቢሆን ወደ ጠጠሩ የምትወጣው ለማረፍና ለመሞቅ ነው። የሲያትል ባሕር፣ ማለትም የፒዩጀት ሳውንድ ውኃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። መልሶ ወደ ባሕር መግፋት ማለት የደከመችውን ከዕረፍቷ ቀስቅሶ ብርድ ውስጥ መክተት ነው። ማንም ሳይነካቸው እንኳ ከግልገሎቹ ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያ ዓመታቸውን አይጨርሱም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ እነዚህን እንስሳት መንካትን፣ መመገብን፣ ማስበርገግንም ይከለክላል። የሚመከረው ርቀት 100 ያርድ፣ ማለትም 90 ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ሕጉን ወረቀት ላይ ማስፈር አንድ ነገር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰው በተጨናነቀ ባሕር ዳር ማስከበር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ክፍተት የሞሉት የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው። ‹‹ሲል ሲተርስ›› የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 በዌስት ሲያትል ተመሠረተ። አንድ ግልገል ወደ ዳር መውጣቷ ሲነገራቸው ይመጣሉ፣ ዙሪያዋን ሪባን ይወጥራሉ፣ እየተፈራረቁም ለሰዓታት ይቆማሉ። እኔን ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ የሚመጣውን ሰው የሚቀበሉበት መንገድ ነው። ‹‹ሂዱ›› ብለው አያባርሩም፤ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር ለልጆቹ ይሰጧቸውና ግልገሏ ስትተነፍስ፣ ስታዛጋ ከሩቅ ያሳዩአቸዋል። አንዴ በመነጽር ያያት ልጅ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ራሱ አስረጂ ሆኖ ይቆማል።

ጥበቃ የሚያስፈልጋት ግን ግልገሏ ብቻ አይደለችም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲያትል ላይ በመሙላቱና በመሸሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ዝቅተኛው የውኃ ልክ በክረምት የሚመጣው በሌሊት ሲሆን፣ ከሜይ እስከ ጁላይ ግን እኩለ ቀን አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት፣ ሌላ ጊዜ ጥልቅ ውኃ የሚሸፍነው መሬት በጠራራ ፀሐይ ይገለጣል፤ ሕዝቡም ይጎርፋል። የሲያትል አኳሪየም በየጸደዩ በጎ ፈቃደኞችን እያሠለጠነ በነዚህ ቀናት በየዳርቻው ያሰማራል። ሳይንቲስቶች አይደሉም፤ ጡረተኞች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች ናቸው።

ለሕዝቡ ከሚያስረዱት አንድ ምሳሌ ላንሳ። አሸዋው ላይ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ያለው፣ በአንድ በኩል የተከፈተ ክብ ነገር ይገኛል። የሽንት ቤት ቱቦ ማስከፈቻ ጎማ ከእንጨቱ ተነቅሎ የወደቀ ይመስላል። ባሕር ዳር ለማጽዳት የሚወጡ ቅን ሰዎች ቆሻሻ መስሏቸው እየለቀሙ ከረጢት ውስጥ የሚከቱት ነገር ነው። ነገሩ ግን ‹‹ሙን ስኔል›› የተባለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ እንቁላሎች ማደሪያ ነው። እናቲቱ አሸዋውን በልጋጓ እያጣበቀች በሰውነቷ ዙሪያ አንገትጌ ትሠራለች፤ በሁለቱ የአሸዋ ንብርብሮች መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንቁላሎች ታስቀምጣለች። ከሳምንታት በኋላ እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ አንገትጌው ራሱ ፈርሶ ወደ አሸዋነት ይመለሳል። ሳይፈርስ፣ ልስላሴውን እንደያዘ ካገኛችሁት ገና ሕይወት አለበት ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ አጠገባችሁ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚነግራችሁ ሰው ግን ያስፈልጋል።

የቀሩት ደንቦች ቀላል ናቸው። ፍጥረቶቹን መንካት ቢያምራችሁ በባሕር ውኃ በራሰ አንድ ጣት ብቻ፤ ከተጣበቁበት መንቀል የለም። ያነሣችሁትን ድንጋይ እንደነበረው አድርጋችሁ መልሱ፤ ሥሩ የተጠለለው ሸርጣን ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። አረንጓዴውን የባሕር ሣር አትርገጡ፤ ለብዙ ዓሦች ጫጩት መደበቂያ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ሳይንሱ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ነው። ከሕዝቡ ወደ ሳይንሱ የሚሄደው መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንኑ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ጁሊያ ፓሪሽ የተባሉ የባሕር ሳይንስ ሊቅ ‹‹ኮስት›› በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ፕሮግራም መሥርተዋል። በጎ ፈቃደኞቹ በየወሩ አንድ የተወሰነ ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ፤ ሞቶ የተጣለ የባሕር ወፍ ይፈልጋሉ። ሲያገኙ መንቆሩን፣ ክንፉን፣ ቅልጥሙን ለክተው ይመዘግባሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ሁለተኛ እንዳይቆጠርም ምልክት ያስሩበታል። ወፉን የሚለዩት ከእግሩ ጀምረው ነው፤ ጥንብ አንሺ ሥጋውን ቢበላ፣ ላባው ቢረግፍ እግሩ ይተርፋልና። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ በዝናብና በነፋስም ይሠራል። ነገር ግን በመደበኛ ጊዜ ስንት ወፍ እንደሚሞት ካልታወቀ፣ ያልተለመደ ነገር ሲመጣ ማን ያውቃል?

ያልተለመደው ነገር መጣም። ከ2014 እስከ 2016 ሰሜናዊው የፓስፊክ ውቅያኖስ ከልኩ በላይ ሞቀ፤ የምግብ ሰንሰለቱ ተናጋ። ከ2015 በጋ እስከ 2016 ጸደይ ‹‹ኮመን መር›› የሚባሉ ጥቁርና ነጭ ወፎች በረሃብ እያለቁ ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ዳር ላይ ተጣሉ። ወደ 62,000 የሚጠጋ ሬሳ ተቆጠረ፤ ባሕር የበላው ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በ2024 የወጣ ጥናት አላስካ ውስጥ ብቻ 4 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከክልሉ የዚህ ወፍ ዝርያ ግማሽ ገደማው ማለቁን አመለከተ። ያ እልቂት በዚህን ያህል ስፋት ሊታወቅ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ እነዚያ ሰዎች በየወሩ ሳያቋርጡ ዳርቻቸውን መሄዳቸው ነው።

ለኛ ለሲያትል ሐበሾች ቀረብ የሚለው ታሪክ ግን የኮሆ ሳልመን ነው። ኮሆ በወንዝ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ለመራባት በመኸር ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሲያትል በ1990ዎቹ የተበላሹ ጅረቶቿን ማደስ ጀመረች፤ ዓሦቹም ተመለሱ። ደስታው ግን አልቆየም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ዓሦቹ በውኃው ላይ እየተሽከረከሩ፣ አፋቸውን እየከፈቱ፣ በሰዓታት ውስጥ ያልቁ ጀመር። በአንዳንድ ጅረቶች ከተመለሱት ኮሆዎች ከ40 እስከ 90 በመቶው እንቁላል ሳይጥሉ ሞቱ። በዌስት ሲያትል ሎንግፌሎው በተባለው ጅረት በጎ ፈቃደኞች በየመኸሩ የሞቱትን ይቆጥራሉ። የሴቷን ሆድ ሰንጥቀው ያያሉ፤ እንቁላሉ እንዳለ ከሆነ ሳትጥል ሞታለች ማለት ነው፣ ይመዘግቡታል።

ተመራማሪዎች ሙቀቱን፣ ኦክስጅኑን፣ በሽታውን፣ ፀረ ተባዩን አንድ በአንድ መርምረው ከዝርዝሩ አወጡ። መልሱ የተገኘው በ2020 መጨረሻ ነው፦ የመኪና ጎማ። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ ‹‹6ፒፒዲ›› የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል አየር ውስጥ ካለው ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣል፤ ኮሆን የሚገድለው ያ ውህድ ነው። ጎማ ሲሽከረከር አስፋልት ላይ ተፍቆ የሚቀረውን ብናኝ ዝናብ አጥቦ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይወስደዋል። በብዙ የሲያትል ሰፈሮች የመንገድ ዳር ጎርፍ መውረጃ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፤ በቀጥታ ወደ ጅረቱ፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ባሕሩ ነው።

በዚህ ከተማ ስንቶቻችን ከሲ-ታክ ኤርፖርት እስከ መሀል ከተማ በታክሲና በኡበር እንጀራችንን እንደምንጋግር የታወቀ ነው። ኬሚካሉን ጎማው ውስጥ የጨመረው ሹፌሩ አይደለም፤ መፍትሔውም ከፋብሪካው ካልመጣ አይሟላም። በ2023 የዩሮክ፣ የፖርት ጋምብል ስክላለምና የፑያለፕ ነባር ሕዝቦች የአሜሪካን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እርምጃ እንዲወስድ በአቤቱታ ጠይቀው፣ ኤጀንሲው ጥያቄያቸውን ተቀብሏል። ጠያቂዎቹ እነሱ መሆናቸው አይገርምም። በ1854 እና በ1855 በፈረሟቸው ውሎች ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀው የቆዩት የዚህ አካባቢ ነባር ሕዝቦች፣ በ1974 በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ የእነሱ መሆኑ ተረጋግጦላቸዋል። ዓሣ በሌለበት ወንዝ የግማሽ ድርሻ ትርጉም የለውም።

እስከዚያው ግን የሚቻል ነገር አለ፤ እሱም አፈር ነው። ተመራማሪዎች የአውራ ጎዳና ጎርፍን በአሸዋና በብስባሽ ውስጥ አሳልፈው ሲሞክሩት፣ ባልተጣራው ውኃ የተያዙት ኮሆዎች ሲያልቁ በተጣራው ውስጥ የነበሩት ተረፉ። የጣራቸውን ውኃ ወደ አትክልት ቦታ ለሚያወርዱ የቤት ባለቤቶች ከተማውና ኪንግ ካውንቲ ወጪ የሚደግፉበት ‹‹ሬይንዋይዝ›› የተባለ ፕሮግራም አላቸው። መኪና ደጃፍ ላይ ከማጠብ ማጠቢያ ቤት ይሻላል፤ የማጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ይሄዳልና። ዘይት የሚያንጠባጥብን ሞተር ቶሎ ማሠራት፣ የጎማን አየር በልኩ መያዝም ለኪስም ለጅረቱም ይጠቅማል፤ አየሩ የጎደለ ጎማ ቶሎ ይበላል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በአማርኛ ሲነገር የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በየማኅበረሰቡ ቋንቋ መሥራት እንደሚቻል የሲያትሉ የዱዋሚሽ ወንዝ አሳይቷል። የወንዙ የታችኛው ክፍል በመርዛማ ብክለቱ በ2001 በፌደራል የጽዳት መዝገብ የገባ ሲሆን፣ ሸርጣኑና ነዋሪ ዓሣው አይበላም፤ ከባሕር መጥቶ የሚያልፈው ሳልመን ግን ይበላል። ይህን ለዓሣ አጥማጆቹ ያስተማሩት ከራሳቸው ማኅበረሰብ ተመርጠው የሠለጠኑ፣ በቬትናምኛ፣ በክመርኛና በስፓኒሽ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ሬይኒየር ቫሊ ያለ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤትም በበጋ አንድ ቀን ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ቢወርድ፣ ከወላጆች ሁለት ሦስቱ በጸደይ የአኳሪየሙን ሥልጠና ቢወስዱ፣ ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው።

ቀኑን ለመምረጥ የሲያትልን የባሕር ሙላትና ሽሽት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኛላችሁ። ከሜይ እስከ ጁላይ ባሉት ቀናት የመቀነስ ምልክት ያለበትን፣ ማለትም ከዜሮ በታች የሚወርደውን ፈልጉ። ውኃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ዛጎል እግር ስለሚቆርጥ ልጆቹን ጫማ አስደርጉ። ውኃው መመለስ ሲጀምር ቀድማችሁ ውጡ።