ከዩክሬን 3ኛ ዲቪዚዮን እስከ ላሊጋ ኮከብ ግብ አግቢ፦ የዶቭቢክ መንገድ እና የፈረሱት ክለቦቹ

የ2023/24 የላሊጋ ኮከብ ግብ አግቢ ማን ነበር? እስቲ ጓደኞቻችሁን ጠይቋቸው። ቤሊንግሃም የሚል አይጠፋም፣ ሌቫንዶቭስኪ የሚልም ይኖራል። ሁለቱም ያገቡት 19፣ 19 ነው። የቪያሪያሉ ሶርሎት ሪያል ማድሪድ ላይ ብቻውን አራት አግብቶ 23 ደርሶ ነበር። በቃ እሱ ወሰደው ሲባል፣ 21 ላይ የነበረው የጂሮናው አርቴም ዶቭቢክ በመጨረሻው ጨዋታ ግራናዳ ላይ ሐትትሪክ ሠራና 24 አደረሰው። ሶርሎት ከዚያ በኋላ አልጨመረም። ሽልማቱን የወሰደ የመጀመሪያው ዩክሬናዊም ዶቭቢክ ሆነ።

ይህ ልጅ ከአሥር ዓመት በፊት የሚጫወተው በዩክሬን ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበር። ከዚያ ተነስቶ እስከ ላሊጋ የሄደበት መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። በመሃል ያለፈባቸው ሁለት ትልልቅ ክለቦች ደግሞ ዛሬ የሉም፣ ፈርሰዋል። ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ የሊጉ አወቃቀር፣ ምክንያቱም ስሞቹ ያምታታሉ። ከላይ 16 ክለቦች ያሉት ፕሪሚየር ሊግ አለ። ከሱ ሥር ያለው «ፐርሻ ሊሃ» ይባላል፤ ትርጉሙ አንደኛ ሊግ ነው፣ ግን ሁለተኛው እርከን ነው። ቀጥሎ «ድሩሃ ሊሃ» ይመጣል፤ ሁለተኛ ሊግ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ሦስተኛው እርከን ነው። ወደ እኛ አገር ስናመጣው ፐርሻ ሊሃ እንደ ከፍተኛ ሊግ፣ ድሩሃ ሊሃ እንደ አንደኛ ሊግ ማለት ነው። ድሩሃ ሊሃ ላይ ክለቦቹ ብዙውን ጊዜ በአካባቢ በአካባቢ በምድብ ተከፍለው ነው የሚጫወቱት፤ ዩክሬን ሰፊ አገር ነው፣ የትንሽ ክለብ ኪስ ደግሞ ረጅም ጉዞ አይችልም። ከዚያ በታች ያሉት አማተሮች ናቸው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ዲናሞ ኪየቭን የመሳሰሉ ትልልቅ ክለቦች ሁለተኛ ቡድናቸውን በነዚህ ዝቅተኛ እርከኖች ሲያጫውቱ ኖረዋል። ሁለተኛው ቡድን አንደኛ ቢወጣ እንኳ ዋናው ቡድን ወዳለበት ፕሪሚየር ሊግ ማደግ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለነሱ ዋንጫው ጉዳያቸው አይደለም። ልጆቹን ከ33 ዓመት ተከላካይ ጋር ማጋፈጥ ነው ዓላማው። ያ ተከላካይ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በዚያ ሜዳ ነው፣ ለአካዳሚ ልጅ አይራራም።

አንድሪ ያርሞሌንኮን ታስታውሱት ይሆናል፣ የዶርትሙንዱንና የዌስትሃሙን። እሱም የወጣው ከዚሁ ነው። በ13 ዓመቱ የዲናሞ ኪየቭ አካዳሚ ገባ፣ የልምምዱን ጫና ሰውነቱ አልቻለውም፣ ወደ ቤቱ ወደ ቼርኒሂቭ ተመለሰ። ብዙ ልጅ እዚያ ላይ ነው የሚያቆመው። እሱ ግን በከተማው ክለብ በዴስና፣ በሁለተኛው እርከን፣ ከአዋቂዎች ጋር መጫወት ጀመረ። ዲናሞ መልሶ ወሰደው፤ መጀመሪያ ያሰለፈው ግን ዋናው ቡድን ውስጥ አልነበረም፣ እዚያው ሁለተኛ እርከን ላይ በሚጫወተው ሁለተኛ ቡድኑ ነው። በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ ከ100 በላይ ጨዋታ አድርጎ በጎል ብዛት ከሸቭቼንኮ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ።

ወደ ዶቭቢክ እንመለስ። የተወለደው በ1997 በድኒፕሮ ወንዝ ዳር ባለችው ቼርካሲ ከተማ ነው። የጀመረውም በከተማው ክለብ፣ በድሩሃ ሊሃ፣ በ2014 ነው፤ ገና 17 ዓመት አካባቢ ነበር። ቁመናው ትልቅ ነው፣ ግራ እግረኛ ነው፣ በጭንቅላት ይመታል። እንዲህ ዓይነት አጥቂ ሦስተኛ እርከን ላይ ብዙ አይደበቅም። ብዙም ሳይቆይ ኤፍሲ ድኒፕሮ ወሰደው።

ድኒፕሮ በዚያን ጊዜ ማን ነበር? በግንቦት 2015 ዋርሶ ላይ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ የተጫወተ ክለብ! የምሥራቁ ጦርነት በመጀመሩ የአውሮፓ ጨዋታዎቹን በሜዳው ማድረግ አልቻለም፣ ኪየቭ እየሄደ ነበር የሚያስተናግደው። እንደዚያም ሆኖ ፍጻሜ ደረሰ፣ በሴቪያ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ለአንድ የ17፣ የ18 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? እንደዚህ ነበር የሚመስለው።

ቀድሞ የገጠመው ግን ውሰት ነው፤ ሞልዶቫ፣ ዛሪያ ቤልቲ። ሲመለስ ክለቡ የሚያውቀው ክለብ አልነበረም። ባለሀብቱ ኢሆር ኮሎሞይስኪ ገንዘብ መስጠት አቁመዋል። ለተጫዋቾችና ለአሰልጣኞች ያልተከፈለ ዕዳ ተከምሯል። በ2016 ዩኤፋ ድኒፕሮን ከአውሮፓ ውድድሮች አገደው። ፍጻሜ የተጫወቱት ተጫዋቾች አብዛኞቹ ወጡ፣ ብዙዎቹም በነፃ። ማን ቀረ? ልጆቹ። ዶቭቢክ በፕሪሚየር ሊጉ ሰፊ የመጫወቻ ጊዜ ያገኘው እንዲህ ነው፣ በክለቡ ውድቀት። በ2016/17 ድኒፕሮ ሜዳ ላይ የሚያገኘው ነጥብ በዕዳው ምክንያት እየተቀነሰበት ቆይቶ ወረደ። የወረደውም አንድ እርከን ብቻ አይደለም። ፊፋ ጣልቃ ገባና በቀጥታ ወደ ድሩሃ ሊሃ ተላከ፤ ከአውሮፓ ፍጻሜ በሁለት ዓመቱ ሦስተኛ ዲቪዚዮን! በ2019 ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

ብዙ ሰው «ዝቅተኛ ሊግ» ሲባል መወጣጫ መሰላል አድርጎ ነው የሚያስበው። ጎበዝ ከሆንክ ትወጣለህ፣ ካልሆንክ ትቀራለህ። የድኒፕሮ ልጆች ያዩት ግን ሌላ ነው፤ መሰላሉ ራሱ ሊወድቅ ይችላል፣ ያውም አንተ ጥሩ እየተጫወትክ።

ዶቭቢክ በ2018 መጀመሪያ ወደ ዴንማርክ፣ ወደ ሚድቲላንድ ሄደ። ክለቡ ሻምፒዮን የሚሆን ክለብ ነው፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ነበር። ከዚያ በውሰት ወደ አነስተኛው ሶንደርይስከ ተላከ። እውነቱን እንናገር፣ በዚያን ጊዜ የተመለከተው ሰው ላሊጋን አያስብም። በ2020፣ በ23 ዓመቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። «ውጪ ሄዶ አልተሳካለትም» የሚባልበት ዕድሜና ሁኔታ ነው።

የተመለሰበት ክለብ ስሙ ድኒፕሮ-1 ይባላል። ከአሮጌው ድኒፕሮ ጋር በከተማና በስታዲየም ይገናኛል፣ በሕግ ግን ሌላ ክለብ ነው። ታሪኩም የሚገርም ነው። በ2017/18 ሦስተኛ እርከን ጀመረ፣ በ2018/19 ሁለተኛ እርከን፣ በ2019/20 ፕሪሚየር ሊግ። አሮጌው ድኒፕሮ ወደ ሦስተኛ እርከን በወረደበት በዚያው ዓመት አዲሱ ከዚያው እርከን መውጣት ጀመረ ማለት ነው። እዚህ ዶቭቢክ ዋና አጥቂ ሆነ፣ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ መጫወት ጀመረ። ለሱ የጎደለው ይሄ ነበር ብለን እናምናለን፤ ዴንማርክ ውስጥ ያላገኘው አሰልጣኝ ወይም ሜዳ ሳይሆን ተከታታይ ጨዋታ ነው።

በሰኔ 2021 ግላስጎው ላይ ዩክሬን ከስዊድን በዩሮው ጥሎ ማለፍ 1 ለ 1 ሆነው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሊሄዱ ነው። ጭማሪ ሰዓቱ አልቆ የባከነ ደቂቃ እየተቆጠረ ነው። ዚንቼንኮ ከግራ አሻገረ፣ ተቀይሮ የገባው ዶቭቢክ በጭንቅላቱ አስቆጠረ። ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጎሉ ነበር፤ ዩክሬንም በዩሮ ታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ገባች።

የካቲት 2022 ላይ ሩሲያ ሙሉ ወረራ ከፈተች። ሊጉ ቆመ፣ በኋላም ያለ ሻምፒዮን ተዘጋ። ዶቭቢክ በዚያ በተቋረጠው ዘመን በ14 ጎል ይመራ ነበር። ማሪዩፖልና ዴስና ወደ ሊጉ አልተመለሱም። ያርሞሌንኮ የጀመረባት የቼርኒሂቭ ስታዲየምም በቦምብ ተመታ።

በነሐሴ 2022 ሊጉ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተጀመረ። የአየር ጥቃት ሳይረን ሲጮህ ተጫዋቾቹ ወደ መጠለያ ይወርዳሉ፣ ሲያበቃ ወጥተው ካቆሙበት ደቂቃ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የሩክ ሊቪቭና የሜታሊስት ጨዋታ ከዚህ የተነሳ ከአራት ሰዓት በላይ ወስዷል። ብራዚላውያኑና ሌሎቹ የውጪ ተጫዋቾች ፊፋ ውላቸውን ለጊዜው እንዲያቋርጡ ስለፈቀደላቸው ሄደዋል፤ ቦታቸውን የያዙት የአገሬው ልጆች ናቸው። ድኒፕሮ-1 የአውሮፓ ጨዋታዎቹን ስሎቫኪያ ውስጥ ኮሺሴ ላይ አደረገ። በሊጉ ከሻክታር ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ዶቭቢክስ? 24 ጎል። ቁጥሩን ያዙልን፣ በቀጣዩ ዓመት ላሊጋ ላይ ያገባውም በትክክል ያንኑ ያህል ነው።

በ2023 ክረምት ጂሮና ገዛው። ጂሮና ራሱ የታችኛው ዲቪዚዮን ልጅ ነው። ላሊጋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ2017 ነው፣ ወርዶ ነበር፣ የተመለሰው በ2022 ነው። ዶቭቢክ በመጣበት ዓመት ሦስተኛ ወጥቶ ቻምፒየንስ ሊግ ገባ። በጥር ሴቪያ ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሐትትሪክ ሲሠራ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ።

በነሐሴ 2024 ሮማ ከ30 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍሎ ወሰደው። ሮም ላይ ነገሩ እንደ ጂሮናው አልሆነለትም፤ በመጀመሪያ ዓመቱ በሴሪ ኤ 12 ጎል አገባ፣ ደጋፊው ግን ከዚያ በላይ ይጠብቅ ነበር።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው። ፊፋ አንድ ደንብ አለው። ተጫዋች ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ተነስቶ ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ለያዙት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላሉት ዓመታት ለእያንዳንዱ ከጠቅላላ ዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት 0.5 በመቶ ነው። ስሌቱን ቀለል እናድርገው፤ ዋጋው 30 ሚሊዮን ዩሮ ቢሆን ልጁን በ17 ዓመቱ ሙሉ ዓመት የያዘ ክለብ 150 ሺህ ዩሮ ያገኛል። ለሮማ ይህ ምንም ነው። ለሦስተኛ እርከን ክለብ ግን ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ያውም ልጁ ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ተቀምጠው የሚያገኙት። ትንንሽ ክለቦች የልጆቻቸውን የምዝገባ ወረቀት እንደ ወርቅ የሚይዙት ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ መጠየቅ ይከብዳል።

ክለቡ ከፈረሰስ? ደንቡ ለዚህም መልስ አለው። ክለቡ እንደሌለ ከተረጋገጠ ድርሻውን የአገሩ ፌዴሬሽን መጠየቅ ይችላል፣ ገንዘቡም ለወጣቶች እግር ኳስ መዋል አለበት። ዶቭቢክን ከ17 ዓመቱ በኋላ የያዘው ኤፍሲ ድኒፕሮ የሚገባበት ይህ አንቀጽ ውስጥ ነው። ቢኖር ኖሮ በየዝውውሩ ደረሰኝ የሚቆርጥ ክለብ ነበር።

ድኒፕሮ-1ስ? ዶቭቢክ ሮም ገብቶ ፊርማውን ባኖረበት በዚያው ሰሞን፣ በ2024 ክረምት፣ ድኒፕሮ-1 የኮንፈረንስ ሊግ ማጣሪያ ጨዋታውን ሳይጫወት ለሃንጋሪው ፑሽካሽ አካዳሚያ በፎርፌ ለቀቀ። ከአዲሱ የፕሪሚየር ሊግ ዘመንም ወጣ። ከሦስተኛ እርከን ተነስቶ ሁለተኛ ደረጃ ይዞ እስከማጠናቀቅ፣ ከዚያም እስከመጥፋት የፈጀበት ጊዜ ሰባት ዓመት ነው።