የዩሮሎጂ ሐኪም በስንት ዓመት ይደርሳል?

አንድ የማጂ ሽማግሌ ሌሊቱን ሽንት አልወጣ አላቸው እንበል። ፕሮስቴት የተባለችው ዕጢ በዕድሜ ብዛት አድጋ የሽንቱን መውጫ አጥብባዋለች። ቤተ ሰባቸው ከማጂ ተራራ አውርዶ ሚዛን አማን ሲያደርሳቸው፣ አንድ ወጣት ሐኪም ቀጭን ቱቦ በሽንት ቧንቧቸው አስገብቶ ያስተነፍሳቸዋል፤ ሽማግሌውም ይመርቁታል። ዕጢዋ ግን እቦታዋ ነች። አጠቃላይ የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆዳቸውን ከፍቶ ሊያወጣት ይችላል። ሆድ ሳይከፈት በሽንት ቧንቧው በኩል ገብቶ በኤሌክትሪክ ሽቦ እየላገ የሚያወጣትን የዩሮሎጂ ባለሙያ ለማግኘት ግን መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ ጅማና ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል፤ ይኸውም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ሰው እንዴት ባለ ሥርዓት እንደሚሠለጥን ለአንባቢ ጓደኞቻችን ለማስረዳት ተነሥተናል።

ተማሪው በመጀመሪያ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሕክምና ይማራል፤ የመጨረሻውን ዓመት በኢንተርንነት ያሳልፋል። ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና አልፎ ሬዚደንት ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የተቋቋመውና አገራችንም አባል የሆነችበት የምሥራቅ፣ የማዕከላዊና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ዘመኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለት ዓመት ለአጠቃላይ ቀዶ ጥገና፣ ሦስት ዓመት ለዩሮሎጂ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከምረቃ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል ይፈጃል። አንድ ሴሚስተር አድክሞን የምናማርር እኛ ይህን ስንቆጥር ዝም ማለት ይሻለናል።

ሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ለብዙ ሰው የባከኑ ይመስሉታል። ነገር ግን ፊኛ ብቻዋን የምትኖር አካል አይደለችም፤ አንጀት፣ ማሕፀንና ታላላቅ የደም ሥሮች ጎረቤቶቿ ናቸው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቀጭን ቧንቧ በማሕፀን ቀዶ ጥገና ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆረጥ ይችላል። እርሱን ሊጠግን የሚጠራ ሰው የጎረቤቶቹንም ቤት ማወቅ አለበት።

የሥልጠናው ዋና ምሥጢር ግን ከዓመታቱ ቍጥር ይልቅ ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት አኳኋን ነው። ሬዚደንቱ በመጀመሪያ ያያል፤ ቀጥሎ ይይዛል፣ ይረዳል፤ ከዚያ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ እርሱ ይሠራል፤ በመጨረሻ መምህሩ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሳለ ብቻውን ይሠራል። የሠራውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። ጀማሪው ቱቦ ሲያስገባና በሲስቶስኮፕ ፊኛን ሲመለከት ያድራል፤ መካከለኛው ጠጠርና ፕሮስቴት ያወጣል፤ የመጨረሻው ዓመት ሰው ወደ ካንሰርና በአደጋ የተቆረጠ የሽንት ቧንቧን ወደ መቀጠል ይሸጋገራል፤ ታናናሾቹንም ያስተምራል። የጽሑፍና የቃል ፈተና በዚህ ላይ ይታከላል።

እንግዲህ ይህ መሰላል የሚቆመው መምህር፣ መሣሪያ፣ የማደንዘዣ ባለሙያና ብዙ ሕመምተኛ ባለበት ቦታ ነው፤ ያም ትልቅ ከተማ ነው። ወጣቱ አምስት ዓመት ከተማ ከኖረ በኋላ ሚስት ያገባል፣ ቤት ይከራያል፤ ማጂን በካርታ ብቻ ያውቃታል። እኛ በእርሱ አንፈርድም።

አገራችን ግን ሌላ ዓይነት መሰላል ሠርታ ታውቃለች። በ1947 ዓ. ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ለገጠር የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን አሠለጠነ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከተለው በ1957 ዓ. ም. ነው። በ2002 ዓ. ም. ገደማም ጅማን ጨምሮ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች የጤና መኮንኖችን በሦስት ዓመት ለድንገተኛ ቀዶ ጥገናና ለማዋለድ ማሠልጠን ጀመሩ። ዩሮሎጂን በሦስት ዓመት እናሳጥር ማለታችን አይደለም። የመጨረሻው ዓመት ሬዚደንት ግን ከመምህሩ ጋር በየዓመቱ ጥቂት ወራት ሚዛን ቢቀመጥ የሥልጠናው አካል ሊሆን ይችላል እንላለን። መምህሩ ከቀረ ግን ነገሩ በሽማግሌው ላይ መለማመድ ይሆናል።

መሣሪያውም አብሮ መሄድ አለበት። የሲስቶስኮፑ መብራት ሲቃጠል መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሽማግሌው ቱቦአቸውን እንደ ያዙ ወደ ማጂ ይመለሳሉ፤ ቱቦው ደግሞ በየወሩ ገደማ መለወጥ አለበት።