ከፊደል አስቀድሞ የሚሰጥ ትምህርት

አባት ማታ ከሥራው ሲመለስ፣ አምስት ዓመት የሞላው ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ገብቶ ቢያገኘው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዛሬ ምን ጻፍህ?» ብሎ ነው። ልጁ በፊደልና በቁጥር የተሞላ ደብተር አውጥቶ ቢያሳየው ደስ ይለዋል፤ «ከጓደኞቼ ጋራ ውሃ ስንቀዳ፣ እንጨት ስንደረድር፣ ተረት ስንሰማ ዋልን» ቢለው ግን የከፈለው ገንዘብ በከንቱ የፈሰሰ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ልጅንና ትምህርትን ከመውደድ የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የሕፃን ትምህርት በደብተር ብቻ የማይለካ መሆኑን ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ሥራ ይመሰክራልና፣ ክቡራን አንባቢዎች በትዕግሥት እንዲመለከቱት እንለምናለን።

የመዋዕለ ሕፃናትን ትምህርት መሠረት የጣሉት ፍሪድሪኽ ፍሬበል የተባሉ ጀርመናዊ መምህር ናቸው። እኒህ ሰው በ1837 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በብላንከንቡርግ ከተማ ለታናናሽ ልጆች ቤት ከፈቱ፤ በ1840 ዓ.ም.ም «ኪንደርጋርተን» ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። አትክልተኛ ችግኙን ውሃ ያጠጣዋል፣ አረሙን ይነቅልለታል እንጂ ቶሎ ይርዘም ብሎ ወደ ላይ እንደማይስበው ሁሉ፣ መምህርም በሕፃን ላይ እንዲሁ ይሁን ማለታቸው ነው።

ፍሬበል ለልጆቹ «ስጦታ» ብለው የጠሯቸውን መጫወቻዎች በተራ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ስጦታ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ከክር የተሠሩ 6 ለስላሳ ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ከእንጨት የተጠረቡ ሦስት ነገሮች ሲሆኑ፣ አንዱ ድብልብል፣ አንዱ በ6 ገጽ እኩል የሆነ ኩብ፣ አንዱም እንደ ግንድ ክብ ሆኖ የረዘመ ነው። ሦስተኛው ወደ 8 ታናናሽ ኩቦች የሚፈታ አንድ ኩብ ነው። ሕፃኑ ይህን ፈትቶ መልሶ ሲገጥም፣ ስማቸውን ሳያውቅ ሙሉን፣ እኩሌታንና ሩብን በእጁ ይዳስሳል። የፕሩስያ መንግሥት በ1851 ዓ.ም. እነዚህን ቤቶች ከለከለ፤ ፍሬበልም ክልከላው ሳይነሣ በ1852 ዓ.ም. ሞቱ። ትእዛዙ የተሻረው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ ሥራቸው ግን በዚያው መካከል ወደ ሌሎች አገሮች ደርሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባሉ ኢጣሊያዊት ሐኪም በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ ጃንዩወሪ 6 ቀን 1907 ዓ.ም. «የሕፃናት ቤት» የተባለውን ከፈቱ። ወላጆቹ ለሥራ ሲወጡ ልጆቹ ያለ ጠባቂ እየዋሉ የሕንፃውን ግድግዳና ደረጃ ያበላሹ ስለ ነበር፣ የሕንፃው ባለቤቶች ልጆቹ የሚሰበሰቡበትን ክፍል ሰጡ። ግድግዳ ለመጠበቅ የተጀመረው ነገር የሕፃናትን ትምህርት ለወጠ።

በዚያ ቤት ጠረጴዛውና ወንበሩ ሕፃን ሊያነሣው በሚችል መጠን የተሠራ ነበር። ልጆቹ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ልብሳቸውን ራሳቸው መቆለፍንና ማሰርን ይለማመዳሉ፤ ማዕድ ያዘጋጃሉ፤ ሾርባ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። ከዚያ በኋላ ዓይንንና እጅን የሚያሠለጥኑ መሣሪያዎች ይቀርቡላቸዋል። ከነዚህ አንዱ ውፍረታቸው የሚበላለጥ 10 እንጨቶች በየቀዳዳቸው የሚገቡበት ገበታ ነው። ልጁ አንዱን ካለ ስፍራው ቢያገባው በመጨረሻ አንድ እንጨት ቀዳዳ አጥቶ ይቀራል፤ ስለዚህ አስተማሪይቱ ሳትቈጣው ስሕተቱን ራሱ አይቶ ያርማል። ተቈጥተው ያረሙት ልጅ ቍጣውን ያስታውሳል፤ ራሱ ያረመው ግን ነገሩን ያስታውሳል።

ፊደልም አልተተወም። አናጢዎች እንጨት ከሚያለሰልሱበት ከብርጭቆ ወረቀት ፊደሎቹ ተቈርጠው በካርቶን ላይ ይለጠፋሉ፤ ሕፃኑም ድምፁን እየተናገረ የፊደሉን መልክ በጣቱ ይከተለዋል። እንዲህ እጃቸው የለመደላቸው ልጆች ከጥቂት ወራት በኋላ ጻፉ ሲባል ብዙ ሰው ተደነቀ። ዝምታም እንደ ጨዋታ ይሰጣቸው ነበር፤ ሁሉ ጸጥ ብለው ሲቀመጡ አስተማሪይቱ ከኋላ ሆና በሹክሹክታ ስማቸውን አንድ በአንድ ትጠራለች፤ የተጠራውም ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ራስን መግዛት እንዲህ ያለ ልምምድ እንጂ በአለንጋ የሚገኝ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ሕፃናትን ሲያስተምር ኖሯል። ልጁ በስንደዶ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ «ሀ ሁ» ይላል፤ አቡጊዳውን፣ ቀጥሎም የዮሐንስን መልእክት፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይደግማል፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ዓይን፣ እጅና ድምፅ በአንድነት መሥራታቸው፣ ልጅም ልጅን ማስተማሩ፣ የሠለጠኑ አገሮች ዘግይተው ያመሰገኑት ጥበብ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ያ ተማሪ ከየኔታ ፊት ተነሥቶ ሲሄድ ሌላው የትምህርቱ እኩሌታ በሜዳና በምድጃ ዙሪያ ይጠብቀው ነበር። ጥጃ ሲጠብቅ መቍጠርን፣ ቅልሞሽ ሲጫወት የእጅን ቅልጥፍና፣ በገበጣ ጠጠር ሲያድል መደመርንና መቀነስን ይማራል። ማታ እንቆቅልሽ ሲባል መልሱን ያጣ አገር ሰጥቶ ስለሚሸነፍ፣ ማሰብንና መሸነፍን መቻል በአንድነት ይለምዳል። አያቱ ተረት ሲነግሩት የቋንቋው ሀብት ይጨመርለታል። ይህን ሁሉ ማንም ትምህርት ብሎ ስላልጠራው፣ ፊደሉ ብቻውን ሰው ያደረገን ይመስለናል።

የዛሬ የከተማ ልጅ ግን በግቢ አጥር ወይም በፎቅ ቤት ተዘግቶ ያድጋል። ሜዳውም ጥጃውም የለውም፤ አያቱም ብዙ ጊዜ በሌላ አገር ናቸው። እንግዲህ መዋዕለ ሕፃናቱ ፊደልን ብቻ ቢያስቈጥረው፣ ያ ሌላው እኩሌታ ከየት ይመጣለታል? በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የመመሪያ ማዕቀፍ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ1ኛ ክፍል አስቀድሞ «ዜሮ ክፍል» ተከፍቷል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ሕፃናቱ በተራ ተቀምጠው መምህሩን ተከትለው በመጮህ ብቻ የሚውሉ ከሆነ፣ ዜሮ ክፍሉ ቀድሞ የመጣ 1ኛ ክፍል ይሆናል እንጂ መዋዕለ ሕፃናት አይሆንም። የሚያስፈልገውም መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ባቄላ፣ ጭቃና ንጹሕ ውሃ ለመቍጠር፣ ለመለየትና ለመሥራት ይበቃሉ።

ይህ ጨዋታ በኋለኛው ዕድሜ ምን ያፈራል ለሚል፣ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በይፕሲላንቲ ከተማ የተደረገውን እንንገር። ከ1962 እስከ 1967 ዓ.ም. ከድሀ ቤተ ሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት በሁለት ተከፈሉ። 58ቱ ፔሪ በተባለው ትምህርት ቤት ገቡ፤ 65ቱ አልገቡም። የገቡት በየማለዳው የሚሠሩትን ራሳቸው ያቅዱ፣ ይሠሩት፣ በመጨረሻም የሠሩትን ለጓደኞቻቸው ይናገሩ ነበር፤ መምህራኑም በየሳምንቱ ወደ እናቶቻቸው ቤት ይሄዱ ነበር። መርማሪዎቹ እስከ 40 ዓመታቸው ተከታተሏቸው። ከተማሩት 77 በመቶ፣ ካልተማሩት 60 በመቶ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ተገኙ። አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ በፖሊስ የተያዙት ከተማሩት 36 በመቶ፣ ካልተማሩት 55 በመቶ ነበሩ። ፍርድ ቤት የሚውል ሰው የዚህን ቍጥር ክብደት ይረዳዋል፤ በአራት ዓመቱ ተራውን መጠበቅና አሳቡን በቃል መግለጥ የተማረ ሰው ጠቡን በእጁ ለመጨረስ አይቸኩልምና።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን የሚያስገባበትን ቤት ሊመርጥ ሲሄድ፣ የደብተሩን ብዛት ከማየት አስቀድሞ እነዚህን ይመርምር። ልጆቹ የሚሮጡበት ደጅ አለን? በእጃቸው የሚይዙትና የሚፈቱት ነገር አለን? በየቀኑ ተረት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይነገራቸዋልን? አስተማሪይቱ ለሕፃን ጥያቄ ታዳምጣለችን፣ ወይስ ዝም በል ብላ ታሳልፈዋለች? እጅ መታጠብና ጫማ ማሰር እንደ ትምህርት ይቈጠራልን? እነዚህ ያሉበት ቤት ግድግዳው ባያምር እንኳ መልካም ቤት ነው።

ማታም ልጁን «ምን ጻፍህ?» ከማለት «ምን ሠራህ? ከማን ጋራ? እንዴትስ ሠራኸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሕፃኑ ይህን ለመመለስ ሲል አስቦ፣ አስታውሶ፣ በተራ አድርጎ መናገር ይገደዳልና፣ አባትየው በቤቱ ተቀምጦ ግማሹን ትምህርት ራሱ ሰጠ ማለት ነው። ፊደሉም በጊዜው ይመጣል፤ በመጣም ጊዜ የሠለጠነ እጅ፣ የነቃ ዓይንና ለመስማት የለመደ ጆሮ ይቀበሉታል።