ጣት የማትሞላ ላሜራ

ከአሪዞና ዋና ከተማ ከፊኒክስ ወጣ ብሎ፣ በበረሃው ዳር፣ ዙሪያው አንድ ማይል የሆነ ሞላላ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ የውድድር መኪና እዚያ ለሙከራ ቀርቦ አልፈጥን አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ባለ ሙከራ ላይ የሚደረገው ይታወቃል። ሾፌሩ ጥቂት ዙር ነድቶ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ይነበባል፤ ሜካኒኮቹ ስፕሪንግ ይለውጣሉ፣ የጎማ ንፋስ ይቀንሳሉ ወይም ይጨምራሉ፣ ክንፉን ትንሽ ዘንበል ያደርጉታል፤ ሾፌሩ እንደገና ይወጣል። በዚህ ምልልስ መሃል ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እያለ መሻሻል አለበት። ያን ጊዜ ግን ቢሉት ቢሠሩት የሚሻሻል ነገር ጠፋ። ሾፌሩ በመኪናው ላይ የነበረው እምነት ተሟጠጠ።

ሾፌሩ ቦቢ አንሰር ነበር። በእሽቅድምድም ቤተሰብ ያደገ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የፓይክስ ፒክን ተራራ በመኪና ሽቅብ በመውጣት ውድድር ደጋግሞ ያሸነፈ፣ በ1968 ደግሞ የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይልን የወሰደ ሰው ነው። የመኪናው ባለቤትና ሠሪ ዳን ገርኒ ነበር። ገርኒን ለማያውቅ አንባቢ የ1967ን ሰኔ መንገር ይበቃል። በዚያ ወር፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት፣ መጀመሪያ ከኤ.ጄ. ፎይት ጋር ሆኖ በፎርድ መኪና የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ ቀጥሎ ቤልጅየም ውስጥ ስፓ ላይ፣ በራሱ ኩባንያ በተሠራች ኢግል መኪና የፎርሙላ ዋን ውድድር አሸነፈ። በለማን መድረክ ላይ ሻምፓኙን ከመጠጣት ይልቅ በዙሪያው በነበረው ሕዝብ ላይ የረጨውም እሱ ነው፤ ዛሬ በየመድረኩ የምናየው ልማድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1970 መንዳቱን አቁሞ ሙሉ ጊዜውን ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና ለነበረው የመኪና ሥራው ሰጠ።

ሾፌር ከመኪናው ጋር ከተኳረፈ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያጓራ ዋጋ የለውም። ኩርባው ላይ እግሩ ከነዳጁ ቀድሞ ይነሳል። ገርኒ ይህን ከራሱ የመንዳት ዘመን ያውቀዋል። ስለዚህ ፊኒክስ ላይ የፈለገው ታላቅ ግኝት አልነበረም፤ ሰውየውን ከተስፋ መቁረጥ የሚያወጣ አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ መሞከር ነበር። እንዲህ ሲያውጠነጥን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የስፖርት መኪናዎች ጀርባቸው ሽቅብ የጎበጠ፣ ጭራቸው የሾለ ነበር። ለዓይን ያምራሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ጉብታው እንደ አውሮፕላን ክንፍ መሥራት ይጀምርና የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት ሊያነሳ ይዳዳዋል። በ250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ የሞት ጉዳይ ነው። አንዳንድ ቡድኖች በጭራው ጫፍ ላይ ቁመቱ አጭር የሆነ ላሜራ አቆሙ። ከእነዚህ ሁሉ ታዋቂው ሪቺ ጊንተር የተባለ አሜሪካዊ ሾፌር በ1961 ሞንዛ ላይ ከፌራሪ ጋር ሲሞክር ያስገጠመው ነው። ስፖይለር የምንለው የዚያ ዘር ነው። ዓላማው መኪናው እንዳይነሳ መከልከል ብቻ ነበር። መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል፣ ያፈጥነዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ሌላው ነገር ክንፉ ራሱ ነው። በ1966 ቴክሳሳዊው ጂም ሆል ቻፓራል በተባለ መኪናው ላይ ከፍ ያለ ክንፍ ተከለ። የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ ማለት ነው፤ አውሮፕላንን ሽቅብ የሚያነሳው ኃይል መኪናን ቁልቁል ይጫናል። ጎማ ይበልጥ በተጫነ ቁጥር መሬቱን ይበልጥ ይይዛል፤ መኪናውም ኩርባውን በበለጠ ፍጥነት ያልፋል። ፊኒክስ እንደመሰለ አጭር ሞላላ ሜዳ ላይ ደግሞ አብዛኛው መንገድ ኩርባ ነው።

ስለዚህ በ1971 ስፖይለሩም ይታወቃል፣ ክንፉም ይታወቃል። ሁለቱን ያጋባቸው ግን አልነበረም። ለምን ቢባል፣ በአውሮፕላን ትምህርት ቤት የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት የክንፍ የኋላ ጫፍ ስል መሆን አለበት የሚል ነው። ከላይና ከታች የሚመጣው አየር በሰላም የሚገናኘው በስል ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ጫፍ ላይ ግንብ ማቆም ያንን ሰላም ማደፍረስ ነው ተብሎ ይታመናል። ገርኒ የአየር ምሕንድስና ተማሪ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡን ገና ሳይናገረው ይተወው ነበር ብዬ አምናለሁ። እሱ ግን የተማረው በመሪ ነው።

አልሙኒየም ተቆረጠ። ከኋለኛው ክንፍ የላይኛው የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ከክንፉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርታ ሽቅብ የቆመች ቀጭን ላሜራ ተገጠመች። ከሐሳቡ እስከ መግጠሙ አንድ ሰዓት አልሞላም። አንሰር ወጣ። ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ዙሩ እንደ በፊቱ ነው፤ ያው ደካማ ሰዓት።

በዚህች ቅጽበት ነገሩ ሊቀበር ይችል ነበር። ሰዓት ብቻ የሚያነብ ቡድን ላሜራዋን ነቅሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥላት ነበር፤ አልሠራችምና። አንሰር ግን ተመልሶ ሲመጣ በሰው ፊት ምንም አላለም። ከገርኒ ጋር ለብቻቸው እስኪሆኑ ጠብቆ የሆነውን ነገረው። የመኪናው ጀርባ መሬቱን እንዲህ አድርጎ ይዞ አያውቅም። ሰዓቱ ያልተሻሻለው የኋላው ከመጠን በላይ ስለያዘና የፊቱ ስላልተከተለው ነው። መሪውን ያዞራል፤ የፊት ጎማዎቹ ግን አልታጠፍ ብለው ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ነዳጁን ለመቀነስ ይገደዳል።

ጭነቱ ወደ ኋላ የተንሸራተተ በቅሎ ይህን ያስረዳል፤ ኋላው ተጭኖ ፊቱ ይቀልና ልጓሙን ብትስበው አይሰማህም። መኪናውም እንዲሁ ሆኖ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፍጥነቱን የገደበው የኋላው መንሸራተት ነበር። ላሜራዋ ያንን ገደብ አንስታ የፊቱን ገደብ አጋለጠች። ሁለቱ ገደቦች በአጋጣሚ ተቀራራቢ ሰዓት ሰጡ፤ ሰዓቱ ደግሞ የትኛው ጎማ እንደሸሸ አይናገርም። ያንን የሚናገረው መሪውን የያዘው እጅና ወንበር ላይ ያለው ወገብ ነው። ለእኔ የፊኒክስ ግኝት ከላሜራዋ ይልቅ የአንሰር ንባብ ነው። ላሜራ ማጠፍ ማንም ይችላል።

የቀረው ቀላል ነበር። ከፊትም የመጫን ኃይል ሲጨመር መኪናው ሚዛኑን አገኘ፤ የጠፋውም ፍጥነት መጣ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሥራ ተከተለ፤ ምስጢሩን መጠበቅ። አንሰር ለማንም እንዳይነገር ፈለገ፤ የገዛ ወንድሙ አል አንሰርም እንዳያውቅ። ይህ ክፋት እንዳይመስል፤ አል በ1970ም በ1971ም ኢንዲያናፖሊስን ያሸነፈ፣ በሌላ ቡድን የሚነዳ ቀንደኛ ተፎካካሪ ነበር።

ነገሩ ግን ሜዳ ላይ የሚታይ ነው፤ ክንፍ በኪስ አይደበቅም። ቢሸፍኑት ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥራል። ገርኒ የመረጠው መንገድ ደስ ይላል፤ ጨርሶ አልሸፈነውም። የጠየቀውን ሰው ሁሉ፣ መኪናውን በእጅ ስንገፋ ስለቱ እጃችንን እንዳይቆርጠን፣ ክንፉም እንዳይጎዳ ነው ይለው ነበር። ሰዎች አመኑ። አንዳንዶቹ አይተው ገለበጡት፤ ጥቂቶቹም ለማሻሻል ብለው ላሜራዋን ቁልቁል አዞሯት። እጅን ለመጠበቅ ከሆነ ቁልቁል ብትሆንም ያው ነዋ! መኪናቸው ግን ባሰበት። የላሜራዋ እውነተኛ ሥራ ለጥቂት ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ።

በግንቦት 1972 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሆነውን ሁሉም አየ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፒተር ሬቭሰን የማጣሪያውን ክብረ ወሰን በሰዓት 178.696 ማይል አድርሶት ነበር። አንሰር በገርኒ ኢግል 195.940 ማይል ነዳ፤ ወደ 315 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ17 ማይል በላይ ጭማሪ! እዚህ ላይ ግን ለላሜራዋ ሁሉንም ምስጋና መስጠት አይገባም። በዚያ ዓመት ደንቡ ለክንፎች በሩን በሰፊው ከፍቷል፤ ተርቦ የተገጠመላቸው የኦፈንሃውዘር ሞተሮችም ጉልበታቸው እጅግ ጨምሮ ነበር። በውድድሩ ቀን አንሰር ከፊት ሆኖ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የሞተሩ የእሳት ማስነሻ ክፍል ተበላሽቶበት ወጣ። ያሸነፈው ማርክ ዶናሂዩ ነበር። ፍጥነትና ድል ሁልጊዜ አብረው አይውሉም። አንሰርና ኢግል በ1975 ተመልሰው አሸንፈዋል።

ለምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ዳግላስ በተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ የሚሠራ የክንፍ ባለሙያ፣ ቦብ ሊቤክ ነው። ገርኒ ነገሩን ሲያጫውተው ሊቤክ በሥርዓት ሞከረው። ቁመቷ ከክንፉ ስፋት 1.25 በመቶ የሆነች ላሜራ አቆመ። ከፊት እስከ ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክንፍ ላይ ይህ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የክንፉ ኃይል ጨመረ፤ የሚገርመው ደግሞ አየሩ የሚጎትተው ጉተታ ከመጨመር ይልቅ በጥቂቱ ቀነሰ። በ1976 ባቀረበው ጥናት ነገሩን ለመሐንዲሶች አስተዋወቀ፤ የገርኒ ፍላፕ የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

አሠራሯ ይህን ይመስላል። በተገለበጠው የመኪና ክንፍ ላይ ከላይ የሚመጣው አየር ላሜራዋን ሲመታ ይዘገያል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ከላሜራዋ ጀርባ ደግሞ ሁለት ትንንሽ አዙሪቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። እነዚህ አዙሪቶች በክንፉ ሆድ ሥር የሚያልፈውን አየር ወደ ራሳቸው ይስቡታል። ያ አየር ቀድሞ ጫፉ ከመድረሱ በፊት ከክንፉ ይላቀቅ ነበር፤ አሁን ግን እስከ መጨረሻው ተለጥፎ ይሄዳል፣ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ከላይ ይገፋል፣ ከታች ይስባል። ላሜራዋን ቁልቁል ያዞሩት ሰዎች ግንቡን ያቆሙት በትክክል አየሩ በነፃ ማለፍ በሚገባው በኩል ነበር። ሊቤክ አዙሪቶቹን በግምት ነበር የገለጻቸው፤ በ1988 የናሳ ተመራማሪዎች በውሃ ዋሻ ውስጥ ቀለም እየለቀቁ ተመለከቷቸው።

አውሮፕላን ለእሽቅድምድም ክንፉን አውሷል፤ እሽቅድምድምም በላሜራ መለሰለት። ሲኮርስኪ ኤስ-76 ቢ የተባለው ሄሊኮፕተር በበረራ ሙከራ ላይ የጭራው አግዳሚ ክንፍ ጉልበት አነሰው። መሐንዲሶቹ ክንፉን እንደ አዲስ ከመንደፍ ይልቅ የገርኒን ላሜራ ጫፉ ላይ ገጥመው ችግሩን ፈቱት።

ገርኒ ከዚህ ሁሉ የባለቤትነት መብት አላገኘም። መብቱን ለዳግላስ ኩባንያ አሳልፎ ቢሰጥም፣ ዛፓርካ የተባለ ፈጣሪ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ተንቀሳቃሽ ላሜራ በ1931፣ ገርኒ በተወለደበት ዓመት፣ አስመዝግቦ ተገኘ። ገርኒ በጥር 2018 አረፈ፤ አንሰር በግንቦት 2021።

ስለዚህ ማንም ያለ ክፍያ ሊሠራት ይችላል። መኪናችሁን አሻሽላችሁ ወደ ሜዳ የምታወጡ ከሆነ፣ መጀመሪያ የአየሩ ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እንደሚሄድ አስቡ፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። በከተማ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ክንፍ ጌጥ ነው። ለሜዳ ከሆነ ግን ላሜራዋን ከክንፉ ስፋት ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ብቻ አድርጋችሁ፣ በላይኛው የኋላ ጠርዝ ላይ ሽቅብ አቁሟት፤ ከዚያ በላይ ከሆነች ጉተታው ይበዛል። ሌላ ምንም ሳትነኩ ጥቂት ዙር ንዱ። ሰዓቱ ባይሻሻል ለመንቀል አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያ ሾፌሩን ኩርባው ላይ የሸሸው የፊቱ ነው ወይስ የኋላው ብላችሁ ጠይቁት።